በግራ በኩል የቆመው ሰው

ጥቅምት 9

ይድረስ ካለህበት ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እኛ ደህና ነን። አባባም ሳል የለባቸው፣ ቁርጥማት የለባቸው፤ ምላሳቸውም እንደ ድሮው ነው።

ደብዳቤህን ለካምፓችሁ ስንቅ የሚያመላልሰው ሾፌር ፋብሪካው በር ድረስ አምጥቶልኝ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «ሎደሩን ሰጡኝ» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ዘበኛው ሲያየኝ መልሼ ዘጋሁት። ስንት ዓመት አካፋና ዶማ ይዘህ የሰው ማሽን በዓይንህ ስትከተል እንደኖርክ እኔ አውቃለሁ። እንኳን ደስ ያለህ! አባባ ሲሰሙ «ከእሳት ይራቅ እንጂ የፈለገውን ይንዳ» አሉ። ዓይናቸውን የበላው ያ የብየዳ እሳት ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ አንተ የእሳቸውን ሙያ ትተህ መሄድህ ዛሬም እንደ ትልቅ ብልሃት ይቆጠርልሃል።

ከሥራ ለምን ቀረሽ ላልከኝ፣ መቼስ ወሬውን ያደረሰልህ ሾፌሩ ነው። አልታመምኩም። ፋብሪካው በየዓመቱ ሁላችንንም በሐኪም ያስመረምራል። አምና መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ነበር ያመለጥኩት። ዘንድሮ አለቃችን በሩ ላይ እንደ ግንድ ተገትራ «አንቺ ዛሬ የትም አትሄጂም» አለችኝ። ደም ቀዱኝ፣ ግፊት ለኩኝ፣ ስኳር አዩልኝ። ከዚያ አንዲት የዓይን ሐኪም አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ ዓይኔ ላይ አየር እፍ አለችብኝ። «ክር በመርፌ ያለ መነጽር የምከት ሴት ነኝ» ብላት ሳቀች፤ ስቃ ግን «ነገ ሆስፒታል ነይ» አለችኝ። ለዚህ ነው የቀረሁት። ጠብታ አዘዙልኝ፤ ጠዋትና ማታ ጠብ ማድረግ ነው፣ በቃ።

አንተም ሲመችህ ዓይንህን ብትታይ ጥሩ ነው። ሐኪሟ ስለ ቤተሰብ ጠይቃኝ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ፤ አሁን የደስታ ሰዓት ነው። ሎደርህ የምርቃት ይሁንልህ።

እህትህ


ኅዳር 3

እትዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ይህን የምጽፍልሽ ሎደሩ ላይ ወጥቼ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ነው። ሰውን ከላይ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ብታውቂ! የፊት አካፋው አንዴ ሲዘግን የሳሎናችንን ግማሽ የሚሞላ ድንጋይ ያነሳል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ እዘግናለሁ፣ ገልባጭ መኪና ላይ እደፋለሁ፣ እመለሳለሁ። ለአባባ እሳት በአጠገቤ አያልፍም በያቸው።

ስለ ዓይን ላልሽው አታስቢ። ማሽኑን ከመረከቤ በፊት የካምፑ ነርስ አይታኛለች። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል ከላይ እስከ ታች፣ ያቺን ትንኝ የምታክለዋን ሳይቀር አንበለበልኩላት። «የንስር ዓይን ነው ያለህ» አለችኝ። ደግሞስ ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? በሽታ ለምኖ ለማምጣት ነው? አንቺንም አቧራና ብናኝ ነው የሚያስለቅስሽ፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ሲቀደድ ውሎ።

እዚህ ጓደኛ አግኝቻለሁ። መካኒክ ነው። ኪሱ ውስጥ ብሎን ስለማይጠፋ ካምፑ በሙሉ «ብሎን» ነው የሚለው፤ ሲሄድ እንደ ቅል ይንኳኳል። ለእኔ ያወጡልኝን ስም የነገረኝም እሱ ነው። «ኩሩው» ነው የምባለው! ሎደር ከያዘ ወዲህ ሰላምታ አይመልስም ብለው። ወይ ጉድ! እንደ መንፈስ ድንገት አጠገቤ ብቅ ይሉብኛል እንጂ መቼ አይቼ ዘጋኋቸው? አሁን ዘዴ ፈጥሬአለሁ፤ ወደ ምግብ አዳራሽ ስሄድ ለሁሉም አስቀድሜ እጄን አነሳለሁ። ባለፈው ለምሰሶ ሰላምታ ስሰጥ ብሎን አይቶኝ በሳቅ ሊሞት።

ያመጣልኝንም ሻይ በክንዴ ገጭቼ ደፋሁበት። ግዴለሽ ሆኛለሁ፣ ደስታ ነው መሰለኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድሜ፤

ሰላም ብዬሃለሁ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ለምሰሶው ሰላምታ የሰጠህበት ጋ ስደርስ እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ «ሰዎቹ በየት በኩል ነው ድንገት የሚመጡበት? በቀኝ ወይስ በግራ? ጠይቂው» አሉ። ይኸው ጠየቅሁህ።

በሾፌሩ አፍ የላክህልኝ ጥያቄም ደርሶኛል። ሐኪሟ ምን እንዳለችኝ ለመጻፍ ወረቀት አይበቃም፤ የሐኪም ነገር ታውቀዋለህ፣ ከአንድ ቃል አሥር ቃል ይወልዳል። የእኔ ደህና ነው። ወር እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፣ ይለኩኛል፣ «ወርዷል፣ ቀጥይበት» ይሉኛል። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም እኮ! ለዚህ ነው የሚገርመኝ። ተራ የሚጠበቅበት አዳራሽ ውስጥ ግን ብዙ ሰው በእጅ እየተመራ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ «እኔ ዘግይቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ ዘግይቼ የምትለውን ቃል እየደጋገመች። እሷን እያየሁ ስለ አንተ አሰብኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ለብሎን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሻዩን የደፋህበትን ሸሚዝ ቢልክልኝ አንገትጌውን ቀይሬ እልክለታለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 22

እትዬ፣

ዘግይቼ ስለመለስኩልሽ ይቅርታ፤ ሥራው ጠንክሮብናል። አባባን በግራ ነው በያቸው። ምነው፣ ግራ ጎኔን ማን ረገመው ሊሉ ነው? ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ የሎደሩ መወጣጫ ደረጃ ይጠፋኛል፤ በእግሬ እየዳበስኩ ነው የምወርደው። ብሎን ደረጃውን ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም ቀባልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሳትነግሪው የጎደለሽን ያያል።

አሁን የእኔ ተራ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ልብስ ስትሰፊ ክሩን በየት በኩል እንደምትቋጥሪ ልጅ ሆኜ አጠገብሽ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ በውስጥ በኩል ነው፣ ላዩን ያየ ሰው አያገኘውም። ደብዳቤዎችሽም እንደዚያ ሆነውብኛል። ስለ ዓይን ታነሺና ታጥፊዋለሽ። አባባ ይጠይቃሉ፣ አንቺ ታስተላልፊያለሽ፣ ለምን እንደጠየቁ አትነግሪኝም።

በጥር ፈቃድ አለኝ። ችግሩ ፈቃድ የወጣ ኦፕሬተር ሲመለስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነው የሚያገኘው። ከእኔ በፊት የነበረውም እንደዚያ ነው የተሸኘው፤ ቦታውን ያገኘሁት ለዚያ ነው። ግን ና ካልሽኝ እመጣለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ወንድምሽ


ጥር 7

ወንድሜ፤

አትምጣ። ይህን ያህል የሚያስመጣ ነገር የለም። እንዲያው አንተ ሆድህ ባብቶ ነው።

ደክመህ ያገኘኸውን ማሽን ለማንም ትተህ እንዳትመጣ። ሚያዝያ ላይ ሥራው ሲቀዘቅዝ ትመጣለህ፤ ያኔ እግረ መንገዳችንን እኔ ወደምሄድባት ሐኪም አብረን ጎራ እንላለን። እስከዚያ ሰማይ አይወድቅም።

ስለ ግራው ጎንህ ለአባባ ነግሬአቸዋለሁ። ሰላም በይልኝ አሉ።

ብቻ ጥንቃቄ አድርግ። ወደ ግራ ስትጠመዝዝ በዓይንህ ብቻ እንዳትተማመን፤ አንገትህን እስከ መጨረሻው አዙር። ሲመሽም አትንዳ፣ ራሴን አሞኛል በላቸው።

ደብዳቤው አጠረብህ መሰለኝ፤ ይቅርታ። ብዙ የሚሰፋ ሥራ አለብኝ።

እህትህ


የካቲት 12

እትዬ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ።

ብሎንን በሎደሩ ገጨሁት። አልሞተም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ለራሴም ደጋግሜ ስለምለው ነው፦ አልሞተም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ስብራት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አጥንቱ ደቅቋል። ወደ ከተማው ሆስፒታል ወስደውታል።

ድንጋዩን ደፍቼ ወደ ኋላ መለስ አልኩና ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። አይቻለሁ፣ እትዬ። በእናታችን አፈር እምልልሻለሁ፣ አንገቴን እንዳልሽኝ አዙሬ አይቻለሁ። ማንም አልነበረም። ባዶ ሜዳ ነበር። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።

አለቃው ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ አፌን አሸተተኝ። መጠጥ አልቀመስኩም። ሰዎቹ ግን ራቅ ብለው ቆመው «ኩራቱ ነው፣ ሰው እንደ ሰው አይታየውም» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ሰው ስለሰደበኝ አልጣላም፤ ግን እውነት ቢሆንስ? እኔ ሳላውቀው ሰው እንደ ሰው የማይታየኝ ሆኜስ ቢሆን?

መኪናው ላይ ሲጭኑት እጁን ያዝኩት። ፊቱ አመድ መስሎ «እጄን እያወዛወዝኩልህ እኮ ነበር» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የገረመው ነው የሚመስለው። እኔም ገርሞኛል። አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ እንዴት አይታይም? የት ነበር ዓይኔ?

ከዚያ ወዲህ ማሽኑን አልነካሁም፤ እነሱም አይሰጡኝም።

ይህን ለአባባ እንዳታነቢላቸው።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ወንድሜ፤

የት ነበር ዓይኔ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ አውቀዋለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ የዓይን ሐኪሟ «ከቤተሰብሽ ዓይኑ የጠፋ አለ?» አለችኝ። «አባቴ» አልኳት። «በምን?» አለች። «በብየዳ እሳት» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «እሳት ቢሆን አንቺ ላይ ምን ይሠራል? አንቺ በያጅ አይደለሽም» አለችኝ። ግላኮማ ይባላል፣ የዓይን ግፊት ነው። በዘር ይሄዳል። «እህት ወንድም አለሽ?» አለችኝ። «አንድ ወንድም።» «ዛሬ ነገ ሳትይ ይመርመር። አያመውም፣ አያሳክከውም፤ ፊደል አንብብ ቢሉት አጥርቶ ያነባል። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ ሰው ደግሞ ፊት ፊቱን ስለሚያይ ዳሩ እንደጎደለበት አያውቅም። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን በጊዜ ከደረስንበት እናቆየዋለን።» ልክ እንዲህ ነው ያለችኝ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ለአንተ ግን ሁሉንም ቀነስኩ።

ከሳምንት በኋላ «ሎደሩን ሰጡኝ» የሚለው ደብዳቤህ መጣ። ይህን ነግሬው ገና በወጣበት ከማሽኑ ላይ ላውርደው? አልኩ። ትንሽ ይደሰት፣ ከዚያ እነግረዋለሁ። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ።

ለምሰሶው ሰላምታ ስትሰጥ አባባ ለምን እንዳልሳቁ ልንገርህ። «እኔም እንዲህ ነው የጀመረኝ» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም አይልም ብሎ ሲያኮርፈኝ ለማንም ሳልናገር እንደሚያይ ሰው መስዬ ኖርኩ። ንገሪው፣ ዛሬውኑ ጻፊለት» አሉኝ። እኔ የጠየቁትን ብቻ ጻፍኩና «ሁሉንም ጻፍኩለት» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ የጻፍኩትን ማየት አይችሉም።

ከዚያ «ና ካልሽኝ እመጣለሁ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል» አልከኝ። ና። አንዲት ፊደል እኮ ናት። ጽፌአት ነበር፣ ወረቀቱን ቀደድኩት። አንገትህን አዙር ብዬ የጻፍኩልህ ምን እያሰብኩ ነበር? አንገት የዞረ እንደሆነ የሌለ ዓይን ያያል?

ላንተ አስቤ ነው ብዬ ልደመድመው እችል ነበር። ሙሉው እውነት ግን እሱ አይደለም። ፈርቼ ነበር። አንድን ሰው በእጅ ይዞ በር ማሳለፍ፣ ሳህኑ የት እንዳለ መንገር፣ ልብሱ መገልበጡን ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የማደርገው ነው። ሁለተኛ ሰው በሐሳቤ ሲመጣብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ካልተናገርኩት እውነት የማይሆን መሰለኝ።

ስንት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፣ ሁሉም ላይ ጤናህን ጠይቄአለሁ። አሁን ሳስበው ጻፍኩት እንጂ ጠይቄህ አላውቅም።

እባክህ ይህን ያህል ስማኝ። ብሎን የተኛበት ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ሂድ። «አባቴና እህቴ ግላኮማ አለባቸው» በላቸው፤ ይህን ስትል ፊደል አስነብበው አይሸኙህም። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በለኝ።

እህትህ


መጋቢት 17

ወንድሜ፤

ሾፌሩ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ምንም አልያዘልኝም። ደብዳቤዬን በእጅህ እንደሰጠህ፣ አንተም እንዳጠፍከውና ኪስህ እንደከተትከው ነገረኝ።

አታንቢላቸው ያልከኝን ለአባባ ሙሉውን አነበብኩላቸው። የእኔንም መልስ ጭምር። ከእንግዲህ ዘልዬ አላነብም። ሰምተው ሲጨርሱ «ጻፍኩለት ብለሽኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ሳቀርብላቸው «አመሰግናለሁ» ይሉኛል፣ እንግዳ ቤት እንዳረፈ ሰው። ስድብ ቢሆን በተሻለኝ። ትናንት ብቻቸውን ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ «እኔ ያኔ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቢሆን ስሙን እናውቀው ነበር» ይላሉ።

እኔ ዛሬም ክሬን በመርፌዬ እከታለሁ። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። አንድ ዓይነት በሽታ ይዘን ተወለድን። እኔ በር ላይ ተገትራ አልፈሽ አትሄጂም የምትል አለቃ ነበረችኝ። አንተ ግን የነበረችህ እኔ ነኝ።

አትጻፍልኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ከተመረመርክ ባዶ ፖስታ ላክልኝ። ይገባኛል።

እህትህ


ሚያዝያ 5

እትዬ፣

ባዶውን ፖስታ ልልክልሽ ነበር፤ አሽጌውም ነበር። መልሼ የከፈትኩት አባባ ላይ ጨከነ እንዳትዪኝ ብዬ ነው።

ሄጃለሁ። ያቺን አየር እፍ አሉብኝ። ከዚያ አንድ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ፊቴን አስገብተው ቁልፍ አስያዙኝና «መሐሉን እያየህ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ተጫን» አሉኝ። አንዳንዴ ብልጭ ሲል እጫናለሁ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማሽኑ የቆመ መስሎኝ ነርሷን «እህቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» አልኳት። «አልተበላሸም፣ እየሠራ ነው» አለችኝ። እትዬ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ጊዜ ብርሃኑ ብልጭ እያለ ነበር።

ግራ ዓይኔ ላይ የቀረው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው። ቀኙም ከዳር በኩል ተነክቷል፤ እሱን ለማቆየት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ቀጠሮ ይዘውልኛል። ሐኪሙን «ጥቅምት ላይ መጥቼ ቢሆንስ?» አልኩት፤ አንቺን ለመክሰስ ነበር። «ዓይንህ ብዙም የተለየ አይሆንም ነበር፣ ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ግን ማሽን ላይ አናስቀምጥህም ነበር» አለኝ።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዓይኔን ላንቺ ብቻ አልጥለውም። ከሁለት ዓመት በፊት የዓይን ሐኪሞች ካምፓችን ድረስ መጥተው ድንኳን ተክለው ነበር። ሰልፉን አየሁና ኳስ ልጫወት ሄድኩ። አንድም ቦታ አላመመኝም፣ ለምን እሰለፋለሁ? የብሎን እግር ግን የሁለታችን ነው። እኔ ደረጃ እየዳበስኩ እየወረድኩ ማሽን ነዳሁ፤ አንቺ እያወቅሽ አትምጣ አልሽኝ።

ለብሎን ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እግሩ ውስጥ ብረት አስገብተው በብሎን አስረውታል፤ ነርሷን «ስሜን ማን ነገራችሁ?» አላት አሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሂድ አሁን» አለኝ። ሄድኩ። በማግስቱም ሄድኩ፣ አላናገረኝም። ውኃ ቀዳሁለት፣ ጠጣው። እስካሁን እዚያው ላይ ነን።

ተናድጄብሻለሁ። ንዴቱ ጠዋት አብሮኝ ይነሳል። ግን ከማን ጋር እንደምካፈለው ሳስብ የምትመጪብኝ አንቺው ነሽ፣ ምን ላድርግ? ጠብታሽን እንዳታቋርጪ።

ወንድምሽ


ግንቦት 8

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? አባባስ?

ጽሕፈቱ ቢያምርብሽ የእኔ አይደለም። ቀኝ ዓይኔ ታሽጓል፣ በግራው ደግሞ መስመር መከተል አልችልም። እኔ እናገራለሁ፣ ብሎን ይጽፋል። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ የሰጡን ነርሶቹ ናቸው፤ ነገሩን አያውቁም፣ ጓደኛሞች ናቸው ብለው ነው። መጀመሪያ ቀን ሁለታችንም ጣሪያ እያየን ዋልን። ኋላ እኔ ብርጭቆ ፍለጋ ጠረጴዛውን ሳተራምስ «ወደ ቀኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወደ ቀኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነበር።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆኗል። ግፊቱ የሚተነፍስበት ትንሽ መውጫ ከፈቱለት። ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ዓይን ማሸት የለም። የቀረኝ ይዤው የምኖረው ነው ብለውኛል፤ በየሦስት ወሩ እየታየሁ። ወደ ማሽን መመለስ የለም። ካምፑ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ቦታ አለ ብሎኛል፤ ስሄድ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አለቃው ኦፕሬተሮችንና ሾፌሮችን ሁሉ ዓይናቸውን እንዲመረመሩ ጭኖ ወደዚህ ላካቸው። እየተሳሳቁ ገቡ። አንዱ፣ ኩሩው ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው፣ ጠብታ ይዞ ወጣ። አልሳቀም። አልጋዬ ጋ መጥቶ «በጊዜ ነው አሉኝ» አለኝና ሄደ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ብሎንን እያየሁ አፍራለሁ።

አባባን ይዘሽ ነይ። እሳቸውን የሚያያቸው ሐኪም ምናልባት ምንም አያደርግላቸው ይሆናል። ቢሆንም በስንት ዓመታቸው የበሽታቸውን ስም ከሐኪም አፍ ይስሙት።

ወንድምሽ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የመካኒኩ ነው። ለወንድምዎ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ «ጻፈው» አለኝ።

እመቤቴ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? ወንድምዎን ይቅር ብያለሁ። ቀላል አልነበረም። ግን ማየት ያልቻለን ሰው ለምን አላየኸኝም ብዬ ልጣላው አልችልም። እሱ እዚያ ቦታ ላይ ሰው እንዳለ አላወቀም። እርስዎ ግን ማንም ቢቆም እንደማይታየው ያውቁ ነበር። ስሜን ያውቁ ነበር። ሰላምታም ልከውልኛል።

ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ደብዳቤዎ ይናገራል። ስለዚህ ነው የከበደኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ጠልቼዎት አርፍ ነበር። እርስዎን ግን ገና ይቅር አላልኩም። ይቅርታ በፖስታ መላክ አልችልበትም፣ እንዲልኩልኝም አልፈልግም። ይምጡና ተቀምጠን እንነጋገር። ምናልባት እጮህ ይሆናል።

ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው መኪና ከዋናው በር ፊት ያወርዳል። አባትዎን ይዘው መወጣጫው ላይ እንዳይቸገሩ እኔ ወርጄ እጠብቅዎታለሁ። አይጠፉኝም፣ እኔም አልጠፋዎትም። በክራንች የቆመው እኔ ነኝ።